ምዕራፍ ሰባት፦ ተረፈ ዋሻ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ የደጋውን ነፋስ ከኋላው ትቶ ቍልቍል በተጓዘ መጠን ሙቀቱ እየበረታ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ እየሳሳ፣ በምትኩም ግራሩና ቅጠሉ የረገፈ የዕጣን ዛፍ እየበዛ ሲሄድ ይመለከታል፤ ከኮኪት ዐልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ ላይ ቆሞ ማዶ ያለችውን የሱዳኗን ገላባት በዐይኑ ያገኛታል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቈስለው ያረፉት በዚህ ምድር ስለሆነ፣ የከተማይቱ ስም በታሪክ መጻሕፍታችን ዘወትር ከሐዘን ጋር ይነሣል፤ ነጋዴው ግን ዛሬ የሚያውቃት በሰሊጧ፣ በጥጧና በጠረፍ ንግዷ ነው። እኔ በዚህ ምዕራፍ የማነሣት ከሁለቱም በተለየ ምክንያት፣ ይኸውም በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ባየሁት ልጅ ምክንያት ነው።

ቤቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረ። ሁለት ቴሌቪዥኖች፣ ከሚያመጣው ነፋስ ይልቅ ድምፁ የሚያይል አንድ ቬንትሌተር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር፤ የቤቱ ዕቃ ይኸው ነው። ባንደኛው ቴሌቪዥን ፊት ጐረምሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ኳስ ይጫወታሉ፤ ተሸናፊው ይነሣል፣ አሸናፊው ይቀመጣል፣ ጩኸቱም ቤቱን ሞልቶታል። በጥጉ ባለው ፊት ግን ዕድሜው ከዐሥራ ስድስት የማያልፍ አንድ ልጅ፣ ቀን ሰሊጥ ሲያራግፍ እንደዋለ ልብሱ ላይ የቀረው አቧራ የሚመሰክርበት፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ ጆይስቲኩ በላብ እየተንሸራተተበት በየጥቂት ደቂቃው መዳፉን በሱሪው እየጠረገ፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞም ይወድቃል። ጨዋታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው፣ ክሬቶስ የሚባል ጦረኛ የጦርነትን አምላክ አሬስን ለመጣል የሚታገልበት፣ ከጥንታዊት ግሪክ አፈ ታሪክ የተቀዳው «ጎድ ኦፍ ዎር» ነው። ታሪኩን ልጁ ከጨረሰው ሰንብቷል። አሁን የያዘው ታሪኩ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚከፈተውን፣ «የአማልክት ፈተና» የተባለውንና ዐሥር ክፍል ያለውን ትርፍ ትግል ነው።

«ታሪኩን ከጨረስኸው ምን ቀረህ?» አልሁት።

ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ ታሪኩንማ ማንም ይጨርሰዋል፤ ይኼን ግን እዚህ ቤት የጨረሰ የለም» አለኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ፣ የጨዋታ ሠሪዎች ዐርባና ዐምሳ ዓመት የደከሙበት አንድ ትልቅ ነገር ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ይህንንም በሚገባ ለመፍታት አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዞች «ደንጀን» የሚሉት ቃል በጥንት ዘመን በግንብ ሥር የተቈፈረ የእስረኛ ጕድጓድ ማለት ነበረ፤ በጨዋታ ቋንቋ ግን ትርጓሜው ተለውጦ፣ ጭራቅና ወጥመድ የሞላበት፣ ክፍል ከክፍል የሚወልድ፣ መጨረሻው በሀብት ወይም በታላቅ ጠላት የታተመ የምድር ውስጥ ቤት ሆኗል። ከነዚህም ዋሻዎች መካከል ታሪኩ ግድ የማይላቸው፣ ተጫዋቹ ባይገባባቸውም ጀግናውን ንግሥቲቱን ከማዳን የማያግዱት፣ ከጐዳናው ወጣ ብለው የተቀመጡ፣ ከሁሉም የከበዱ አሉ። ልጆቹ «ቦነስ» ይሏቸዋል። እኔ ግን የመጽሐፍ ቅዱሳችንን ልማድ ተከትዬ «ተረፈ ዋሻ» እላቸዋለሁ፤ ተረፈ ኤርምያስን ያነበበ ሰው «ተረፈ» ማለት ፍርፋሪ ማለት እንዳልሆነ፣ ዋናው ቃል ከተፈጸመ በኋላ ለሚሻ ሰው የቀረ ተጨማሪ ቃል ማለት እንደሆነ ያውቃልና።

የነገሩ ሥር ሩቅ አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በወረቀት፣ በእርሳስና በዛኅራ የሚጫወቱትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ካወጡ በኋላ፣ በስድስት ዓመት ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ተማሪዎች «ሮግ» የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሩ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሥዕል የለም፤ ግድግዳው ሰረዝ፣ ጭራቁ የላቲን ፊደል፣ ተጫዋቹ ራሱ አንዲት ምልክት ነው፤ ነገር ግን ወደ 26ኛው ደርብ ወርዶ የተደበቀውን ክታብ አውጥቶ መመለስ ግዴታው ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የሞተ ሰው ዳግመኛ ካቆመበት አይነሣም፤ ዋሻውም በተገባበት ቍጥር ቅርፁን ይለውጣል። የኋለኞቹ ሠሪዎች ይህን ያህል ጨካኝ ሥርዐት በታሪካቸው መካከል ማስገባት እንደማይቻላቸው፣ ብዙው ሰው ጨዋታን የሚገዛው ሊያርፍበት እንጂ ሊሰቃይበት እንዳልሆነ ተረዱ፤ ይሁን እንጂ ጭካኔውን ፈጽመው መጣል አልወደዱም። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ዳር ጕድጓድ ቈፈሩለትና የፈቀደ ይግባበት አሉ።

ከነዚህ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» በተባለው የዜልዳ ጨዋታ ውስጥ ያለው «የመከራ ዋሻ» ነው። የተቀመጠበት ስፍራ ራሱ ንግግር አለው፤ በአገሩ ዳርቻ ባለው የጌሩዶ ምድረ በዳ፣ አሸዋና ሙቀት እንጂ ሰው በሌለበት፣ ማንም በመንገዱ ሲያልፍ የማይሰናከልበት ቦታ ነው። ዋሻው 50 ደርብ አለው። እያንዳንዱ ደርብ አንድ ክፍል ሲሆን፣ በክፍሉ ያለው ጠላት ሁሉ ካልወደቀ ወደ ታች የሚያወርደው በር አይከፈትም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የወጣ ሰውም ሌላ ቀን ሲመጣ የሚጀምረው ከአንደኛው ደርብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደርቦች የሚያጋጥሙት፣ ጀግናው ሊንክ ገና በጨዋታው መግቢያ ያሸነፋቸው ደካሞች ናቸው፤ ቀጥሎ ግን ሠሪው አንድ ብልኀት ያደርጋል። ተጫዋቹ ለየብቻቸው ያወቃቸውን ጠላቶች ያጋባቸዋል። ቀድሞ ከሩቅ ቀስት የሚወረውረውን በብቻው አግኝተኸው ነበር፤ በቅርብ የሚመታውንም እንዲሁ፤ አሁን ሁለቱ ባንድ ክፍል ሲጠብቁህ፣ ወደዚህ ስትዞር ከዚያ ትወጋለህ። አዲስ ጭራቅ አልፈጠረም፤ የሚታወቀውን ከሚታወቀው ጋር አቀናጅቶ የማይታወቅ ነገር አወጣ እንጂ። እስከ 49ኛው ደርብ የደረሰውንም ከእግር እስከ ራሳቸው ብረት የለበሱ፣ አንዱ ብቻውን በዋናው ታሪክ ሰውን ያስጨንቅ የነበረ ባለ ሰይፎች በአንድነት ሆነው ይቀበሉታል።

በዚህ መካከል ግን በየዐሥሩ ደርብ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አለ። ጠላት የለበትም፤ በውስጡም አንዲት ታላቅ መንፈስ ትገለጣለች፤ መቀጠል የሚፈልግ ኀይሉን ያድስበታል፣ መውጣት ለሚፈልግም ከዋሻው የመውጣት ዕድል ትሰጠዋለች። ይህች ማረፊያ ለእኔ የዋሻው ሁሉ ምሥጢር ናት። ዋሻው ሰውን የሚፈትን ሳይሆን ሰውን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ ሠሪው በ20ኛው ደርብ ቆሞ «ልመልስህን?» ብሎ ባልጠየቀ ነበር። ተጫዋቹ «አይሆንም፣ እወርዳለሁ» ብሎ በመለሰ ቍጥር ፈቃዱን እንደገና ያድሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርስበትንም መከራ በማንም ሊያመካኝ አይችልም።

ዋጋውስ? በ50ኛው ደርብ የሚያገኘው፣ ጕልበትን የሚመልስና ለጥቂት ጊዜ የሰይፉን ምት የሚያበረታ ውኃ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ በጨዋታው ውስጥ የሚፈራው ጠላት ስለማይቀረው፣ ውኃው የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ እርሱም አያውቅም። ከዚህ ቀደም ባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን በወጣው «ዊንድ ዌከር» ውስጥም በአንዲት ደሴት ራስ ላይ በከባድ ድንጋይ የተከደነ ሌላ የ50 ደርብ ዋሻ አለ፤ ታሪኩ የሚፈልገው ካርታ ከወገቡ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ብዙው ሰው እርሱን ይዞ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው ለወረደው የሚሰጠው የአንድ ልብ ሩብ ብቻ ነው። ይህን ንፍገት አድርገው የሚነቅፉ ጸሓፊዎች አሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላውቅም፤ በ50ኛው ደርብ ትልቅ ሀብት ቢኖር ኖሮ ሰው ለሀብቱ ይወርድ ነበረ፤ ሀብቱም የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ በወረደ ነበር፤ ያን ጊዜ ዋሻው «ተረፈ» መሆኑ ይቀርና ግብር ይሆናል።

ይህ አሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ቅኔ ቤት ጐራ ማለት ይበቃል። ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ስንቁን ተሸክሞ የሄደ ተማሪ የሚጀምረው ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ነው፤ እርሷን ሲችል ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ከዚያም አምስት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ወዳለው ሥላሴ እያለ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ወደ ጫካ ገብቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ምጣኔው ከጐደለ፣ ምሥጢሩ ከላላ፣ ሰሙ ወርቁን ካልሸፈነ መምህሩ ያርመዋል፣ ወይም አፍርሶበት እንደገና ይሰደዋል። ልብ በሉ፤ መወድስ ከጉባኤ ቃና የሚከብደው አዲስ ሰዋስው ስላለበት አይደለም። ተማሪው ለየብቻው የሚያውቀው ግስ፣ የሚያውቀው ዜማ፣ የሚያውቀው ታሪክ በስምንት ቤት ውስጥ በአንድነት ሲያዝ ነው የሚከብደው፤ በምድረ በዳው ዋሻ የሚታወቁት ጠላቶች ባንድ ክፍል ሲሰበሰቡ እንደሚከብዱት ሁሉ። ቅዳሴ ለማስቀደስ መወድስ መቍጠር ግዴታ አይደለም፤ ያለርሱም ሰው ክርስቲያን ሆኖ ይኖራል። ሆኖም የሚሄድ ሄደ፤ ዛሬም ይሄዳል።

ተማሪውን ከመምህሩ ጋር የሚያስተሳስረው፣ ተጫዋቹንም ከማያውቀው ሠሪ ጋር የሚያስተሳስረው አንድ ኪዳን አለ፤ እርሱም የውድቀት ምክንያት ይታይ የሚለው ነው። መምህሩ «ፈርሷል» ብሎ ዝም አይልም፤ የት እንደፈረሰ ያሳያል። በደኅና የተሠራ ተረፈ ዋሻም እንዲሁ ነው፤ የወደቀው ተጫዋች ዐይኑን ጨፍኖ «ጋሻዬን ቶሎ አወረድሁ»፣ «ቀስተኛውን አስቀድሜ መጣል ነበረብኝ» ለማለት ይችላል። በመተማ ያየሁት ልጅ በወደቀ ቍጥር ለራሱ አንዳንድ ቃል ያጕተመትም ነበር፤ ቀርቤ ባደምጠው ስድብ አልነበረም። «ዘለልሁ… መዝለል አልነበረብኝም» ይል ነበር። ከዚህ በተቃራኒ፣ ጠላቱን ከማይታይበት ስፍራ የሚያዘንቡ፣ የጀግናውን ጕልበት ያለምክንያት የሚቀንሱ፣ ዕጣ እንጂ ጥበብ የማይቈርጥባቸው ዋሻዎች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ከባድ ብሎ መጥራት ቃሉን ማዋረድ ነው። በደል እንጂ ፈተና አይደሉምና።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ባወጣውና «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በተባለው ጨዋታ ላይ በዚያው ዓመት በሰኔ «የሰይፉ ፈተና» የሚባል ተጨማሪ ክፍል ጨመረ፤ በዚህኛውም ዘንድ የሃይማኖት ትምህርት ያለው ሰው ሳይደነቅ የማያልፈው ነገር አለ። ተጫዋቹ በብዙ ድካም ያገኘውን ቅዱስ ሰይፍ በጫካው ውስጥ ወደ ነቀለበት ድንጋይ መልሶ ሲሰካው ፈተናው ይጀመራል፤ ያን ጊዜ በመቶ ሰዓት ያከማቸው ጋሻ፣ ቀስት፣ የጦር ልብስ፣ የሰነቀው ምግብ ሁሉ ይወሰድበትና ዕራቁቱን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት በመጀመሪያው ክፍል ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ከወለሉ ያነሣው ዱላና ከዛፉ ያወረደው ፍሬ ብቻ ነው። ፈተናው በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ ባንዱ ክፍል መካከል የሞተ ወደዚያ ክፍል መጀመሪያ ይመለሳል እንጂ ከወደቀበት አይነሣም፤ ሦስቱን ለፈጸመ ግን የሰይፉ ኀይል ከ30 ወደ 60 ያድጋል።

በዚህች ሀብትን አስረክቦ ወደ ፈተና በመግባት ሥርዐት፣ በሰሜኑ ቈላ እህልን ትተው ቋርፍ እየተመገቡ የሚኖሩት የዋልድባ መነኮሳት ቢያዩዋት የሚያውቋት አንዲት ጥላ አለች። ጨዋታን ከገዳም ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የአንዱ ፍጻሜ ከሌላው ፍጻሜ ሰማይና ምድር ነው። ነገር ግን የቅዱሳንን የሕይወት ታሪክ አባቶቻችን «ገድል» ያሉት፣ «ተጋደለ»፣ ታገለ፣ ተዋጋ ከሚለው ግስ አውጥተው መሆኑን ስናስብ፣ ሰው በፈቃዱ ትጥቁን ፈትቶ ወደሚከብደው መውረዱ ከጃፓን ሠሪዎች በፊት በእኛ ዘንድ ስም የነበረው ነገር መሆኑን እንረዳለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሊጥ ልመለስ። ሰሊጥ የሚዘራው ገበሬ የሚያውቃት አንዲት ጭንቀት አለች፤ ፍሬውን የያዘችው ቅርፊት ስትደርቅ ጫፏ በራሷ ተሰንጥቃ ትከፈትና ዘሯን ታፈሳለች። ስለዚህ ተክሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ገና ሳይከፈት፣ ይታጨድና በነዶ ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደርቅም በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በጥቂት ቀን የዘገየ የዓመት ድካሙን መሬት ላይ ያገኘዋል። ዓለም ሁሉ ስለ ዋሻ ከሚያውቃቸው ተረቶች ይበልጥ የታወቀው፣ የሶርያው ተወላጅ ሐና ዲያብ እ.ኤ.አ. በ1709 በፓሪስ ለአንቷን ጋላን የተረከለት የዐሊ ባባ ተረት፣ የዋሻውን በር የሚያስከፍተው የሰሊጥ ስም መሆኑን ሲናገር፣ ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው በራሱ የሚከፈተው ቅርፊት ይሆናል ብለው ይገምታሉ። በዚያ ተረት የዐሊ ባባ ወንድም ወደ ዋሻው ገብቶ ሀብቱን ሲያይ ልቡ ይሰወርና፣ ሊወጣ ሲል የሰሊጥን ስም ረስቶ የሌላ እህል ስም ሲጠራ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ሌቦቹም እዚያው አግኝተው ይገድሉታል።

የዘመናችን ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ስግብግብነት በሚገባ ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው አዲሱ «ጎድ ኦፍ ዎር» ውስጥ ኒፍልሃይም የሚባል፣ ታሪኩ የማያስገድደው፣ በተረገመ ጭጋግ የተሞላ ዓለም አለ። ጭጋጉ ሰውን እየቈየ ይገድላል። በውስጡ ያሉት ክፍሎች በተገባባቸው ቍጥር ይለዋወጣሉ፤ በየክፍሉ የተሸነፈ ጠላትና የተከፈተ ሣጥን ሀብት ይሰጣል፤ ነገር ግን የተሰበሰበው ሀብት የተጫዋቹ የሚሆነው በሕይወት ወደ መካከለኛው ማደሪያ ከተመለሰ ብቻ ነው፤ በመንገድ ከሞተ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። «አንድ ክፍል ብቻ ልጨምር» የሚለው አሳብ እዚያ የሚገድለውን ያህል ጭራቁ አይገድልም። በዚህ ዐይነት ተረፈ ዋሻ የሚፈተነው እጅ ሳይሆን፣ «በቃኝ» ለማለት መቻል ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። በዚያው በመተማና በቋራ ቈላ፣ በየዓመቱ ለሰሊጡ አረምና አጨዳ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ የሚወርዱ ብዙ ሺህ ሠራተኞች አሉ፤ በሜዳ ላይ፣ በግራር ሥር ያድራሉ፤ ወባው ያገኛቸዋል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር፣ ካልታከመ ለሞት የሚያደርሰው፣ ሆዳቸውን እያሳበጠ ክሳት ላይ ይጥላቸዋል። ስለ ተረፈ ዋሻ የሚጽፍ ሰው የነዚህን ሰዎች ድካም «ፈተና» ብሎ በዚያው ቃል ቢጠራው ይበድላቸዋል። ድኽነት ገፍቷቸው እንጂ ወደው አልወረዱም፤ በዐሥረኛው ደርብ የምትጠብቃቸው መንፈስ የለችም፤ አንድ ሰው ታሞ ሲወድቅ ጥፋቱ የት እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ፣ ጥፋቱ በርሱ ዘንድ አይገኝም። ምናልባት ያ ልጅ፣ ቀን በዚያ ሜዳ ውሎ ማታ ወደ ቆርቆሮው ቤት የሚመጣው፣ ከዕረፍት ይልቅ ከባዱን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ይሆን ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ቀን የሚያደክመው ነገር ፍትሕ የለውም፤ ማታ የሚያደክመው ግን አለው። ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ ያውቃል፤ ሲነሣም ከልካይ የለውም።

በፈቃድ ወደሚገባበት ጨለማ ልመለስ፤ በላሊበላ ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል በምሥራቁ ክፍል ያሉትን የጐበኘ ሰው፣ አንዱን ከአንዱ የሚያገናኝ በዐለት ውስጥ የተፈለፈለ ጨለማ መተላለፊያ መኖሩን ያስታውሳል። በደጅ የሚዞር መንገድ እያለ፣ ምእመናኑ መብራት ሳይዙ፣ አንድ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አድርገው፣ ሌላውን ለራሳቸው መከላከያ ከፍ አድርገው በዚያ ያልፋሉ፤ ጨለማው የሲኦል ምሳሌ፣ በመጨረሻው የሚታየው ብርሃንም የመዳን ምሳሌ ነው ይባላል። እኔም ዐልፌበታለሁ። መጀመሪያ ዐይን ይፈልጋል፤ ምንም ስለማያገኝ ይፈራል፤ ከዚያ በኋላ መዳፍ ማየት ይጀምራል። የዐለቱ ቅዝቃዜ፣ ብዙ ዘመን በብዙ እጅ የተዳሰሰው ልስላሴ፣ ወለሉ ዝቅ ሲል በቍርጭምጭሚት የሚታወቀው ስሜት፣ ከፊት የሚሄደው ሽማግሌ የሚያሰማው ትንፋሽ፤ ከዚህ በቀር የሚመራ ነገር የለም። ከወጣሁ በኋላ ያየሁት ደጅ ከመግባቴ በፊት ያየሁት ያው ደጅ ነበረ፤ በኪሴም የጨመርሁት ነገር አልነበረም። ወደዚያ ያስገባኝ ማንም አልነበረም፤ ነገር ግን ከላሊበላ ጕዞዬ ሁሉ ዛሬ በመዳፌ ላይ የቀረው እርሱ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ስሙን ከቅኔ የወሰደ «ቅኔ ጌምስ» የሚባል የጨዋታ መሥሪያ ቤት ተነሥቶ፣ «ኩኩሉ» የተባለውንና ልትያዝ ስትል የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ጨዋታ፣ ጥንታዊውን ገበጣም በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ አውጥቷል፤ ይህም ለጅማሮ የሚያስመሰግን ነው። ከእንግዲህ በዚህ ሙያ ለሚሰማሩ ወጣቶች ግን የምለምነው አለኝ። የላሊበላውን ጨለማ፣ የዕጣን ዛፉን ቈላ፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የሚወጣውን ደረጃ ይዛችሁ፣ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚገባበት አንድ ዋሻ ሥሩልን። በመጨረሻው ደርብ ወርቅ አታኑሩበት። በየዐሥሩ ደርብ ግን ማረፊያ አኑሩ፤ የወደቀውም ለምን እንደወደቀ እንዲያይ ብርሃን አትንፈጉት።

ለወላጅም አንድ ቃል አለኝ። ልጅህ ትምህርቱንና ሥራውን ጥሎ ከሆነ የሄደው፣ መልሰው፤ በዚህ የምከራከርህ አይደለሁም። ነገር ግን ሥራውን ፈጽሞ፣ አምሽቶ፣ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ሲታገል ካገኘኸው፣ ክንዱን ይዘህ ከማስነሣትህ በፊት አጠገቡ ተቀመጥና ስንተኛው ላይ እንደደረሰ፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ ጠይቀው። ምክንያቱን አጥርቶ ከነገረህ፣ ያችን አንዲቱን እስኪጨርስ ጠብቀው።